ጥያቄና መልስ፦ ሄለን ሱዝማን በአፓርታይድ ፓርላማ

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁም። የዛሬው ርዕስ ከ1953 እስከ 1989 የደቡብ አፍሪካ ፓርላማ ተቃዋሚ አባል የነበሩት ሄለን ሱዝማን ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ የዚያ ምክር ቤት አባላት በሙሉ ነጮች ነበሩ፤ አብዛኛው የአገሩ ሕዝብ ድምፅ አልነበረውም። ዛሬ ካለው ፓርላማ ጋር አታምታቱት። ሁለተኛ፣ ሱዝማን ለፓርቲያቸው ብቸኛ አባል ሆነው የተቀመጡት 13 ዓመት ነው እንጂ 36 ዓመት አይደለም። ስትጠይቁ ዓመት ወይም ሕግ ጠቅሳችሁ ጠይቁ።

ጀማሪ አንባቢ፦ መምህር፣ ስለ ሴትዮዋ ምንም አላውቅም። ከልጅነታቸው ጀምረው ቢያጫውቱን?

መላሽ፦ በአጭሩ፦ በ1917 ጀርሚስተን ተወለዱ፤ ወላጆቻቸው ከሊትዌኒያ የመጡ አይሁድ ናቸው። በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ታሪክ አስተማሩ። በ1953 ዋናው ተቃዋሚ በነበረው በዩናይትድ ፓርቲ ስም የጆሃንስበርጉን የሃውተን ወንበር ያዙ። በ1989 ጡረታ ወጡ፤ ጥር 1 ቀን 2009 አረፉ። የቀረውን የሕይወት ታሪክ ከየትም ታገኘዋለህ። እኔ የምመልሰው ስለ ፓርላማ ሥራቸው ነው።

የሕግ ተማሪ፦ በ1959 ፓርቲያቸውን ጥለው ወጥተዋል። ታዲያ እንዴት ወንበራቸው አልተወሰደም?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። በነሐሴ 1959 ዩናይትድ ፓርቲ ብሉምፎንቴን ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ በ1936ቱ ሕግ ለጥቁሮች ቃል የተገባው ተጨማሪ መሬት እንዳይገዛ ወሰነ። ለዘብተኛ የሚባሉት ከአሥር በላይ የምክር ቤት አባላት በዚህ ምክንያት ለቀው ወጡና በኅዳር ወር በያን ስታይትለር መሪነት ፕሮግረሲቭ ፓርቲን መሠረቱ። የዚያን ጊዜው ምርጫ በአንድ ክልል አንድ ተወካይ፣ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል የሚል ነው። መራጩ የሚመርጠው ሰውየውን በስሙ ስለሆነ፣ ፓርቲ የቀየረ አባል እስከሚቀጥለው ምርጫ ወንበሩ ላይ ይቆያል።

ዋጋውን የከፈሉት ምርጫው ሲመጣ ነው። ጥቅምት 18 ቀን 1961 በተደረገው ምርጫ መሪው ስታይትለር ጭምር ሁሉም ተሸነፉ። ሱዝማን ብቻ በ564 ድምፅ ልዩነት አለፉ። ቁጥሩን ልብ በሉት፤ ሦስት መቶ የማይሞሉ መራጮች ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ኖሮ የሚቀጥሉት 13 ዓመታት ታሪክ አይኖርም ነበር። ከዚያ በኋላ የፓርቲው መሪ ከፓርላማ ውጭ፣ ድምፁ ደግሞ ፓርላማ ውስጥ ሆነ። ስታይትለር እስከ 1970 መጨረሻ በዚህ ሁኔታ መርተዋል።

ከጆሃንስበርግ፦ ሃውተን ማለት እኮ ማንዴላ በመጨረሻ የኖሩበትና በ2013 ያረፉበት ሰፈር ነው። ያኔም የሀብታም ሰፈር ነበር።

መላሽ፦ ትክክል። ሀብታምና በአብዛኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ክልል መሆኑ ወሳኝ ነበር። ይህ መልእክት አፍሪካንስ ተናጋሪ ነጮች በሆኑት በአፍሪካነሮች የገጠር ክልል የማሸነፍ ዕድል አልነበረውም።

ታዛቢ፦ ስለ ወንበር ካነሣን አይቀር፣ ዚምባብዌ ውስጥ በ2023 ተቃዋሚዎች በፓርቲያቸው ስም በተጻፈ ደብዳቤ ከፓርላማ ወንበራቸው የተነሡበት ጉዳይ ከዚህ ጋር አንድ አይደለም?

መላሽ፦ አንድ አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በዚምባብዌ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 129 መሠረት ፓርቲው "ይህ ሰው የኛ አባል አይደለም" ብሎ ለአፈ ጉባኤው በጽሑፍ ካሳወቀ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። አባሉ በክልል በስሙ የተመረጠ ቢሆንም እንኳ ማለት ነው።

ታዛቢ፦ ግን ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ሥልጣን አልነበረውም ብሎ ፓርቲው ተከራክሯል እኮ።

የሕግ ተማሪ፦ ችግሩ እኮ እሱ ነው። አንቀጹ ደብዳቤውን ማን መጻፍ እንደሚችል በግልጽ አይናገርም። ፓርቲው የተጻፈ መተዳደሪያና በስም የታወቁ ኃላፊዎች ከሌሉት ማንም ተነሥቶ ዋና ጸሐፊ ነኝ ይላል።

ታዛቢ፦ አፈ ጉባኤውስ ማጣራት የለበትም? በጭፍን ይቀበላል?

መላሽ፦ ይህን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩት። ለንጽጽር ያህል ብቻ፦ የዛሬው የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 ፓርቲውን የለቀቀ ወንበሩን ያጣል ይላል። ከ2003 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በተወሰነ ጊዜ ፓርቲ መቀየር ተፈቅዶ ነበር፤ በ2009 ተሻረ። በዚህ ሕግ ቢሆን ኖሮ የ1959ኞቹ በማግስቱ ከምክር ቤቱ በወጡ ነበር። ወደ ሱዝማን ተመለሱ።

ሰናይት ነኝ፦ 36 ዓመት ሙሉ ብቻቸውን መቆየታቸው ይገርማል። አንድ ሰው ብቻውን ከመጮህ በቀር ምን ሊሠራ ይችላል?

መላሽ፦ እህቴ፣ 13 ዓመት ነው፤ ከላይ ጽፌዋለሁ። ሁለተኛው ጥያቄሽ ግን የዛሬው ዋና ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ሰው ሁሉ ንግግራቸውን ይጠቅሳል፤ ሥራቸውን የሠሩት ግን በጥያቄ ወረቀት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አባሉ ጥያቄውን አስቀድሞ በጽሑፍ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ያስገባል። ጥያቄው በአጀንዳ ወረቀት ላይ ይታተማል። የሚመለከተው ሚኒስትር በቃል ወይም በጽሑፍ ይመልሳል፤ መልሱም ሀንሳርድ በሚባለው ቃለ ጉባኤ ውስጥ ይገባል። የቃል መልስ ከሆነ "ከሚኒስትሩ መልስ በመነሣት" ብሎ እዚያው ተከታይ ጥያቄ ማንሣት ይቻላል። ለዚህ ሁሉ አጋር አያስፈልግም፣ አብላጫ ድምፅም አያስፈልግም። ድምፅ በሚሰጥበት ጊዜ ግን ሌላ ነው፤ ቆጠራ ይደረግ ብሎ የሚጠይቀው ወገን ከተወሰነ ቁጥር በታች ከሆነ አፈ ጉባኤው ረቂቁ አልፏል ይላል፣ የተቃዋሚዋ ስም ብቻ በመዝገብ ይሰፍራል። ሀንሳርዱ ውስጥ የሱዝማን ስም በዚህ መልክ ደጋግሞ ይገኛል።

አሁን ወደ ጥያቄው አቀራረጽ። ሱዝማን "ስለ እስረኞች አያያዝ ምን ይላሉ?" ብለው አይጠይቁም። ይህ ዓይነት ጥያቄ ሚኒስትሩን ንግግር እንዲያደርግ መጋበዝ ነው። ያለ ክስ እስከ 90 ቀን ማሰርን ስለፈቀደው ሕግ ሲጠይቁ ለምሳሌ መልኩ እንዲህ ነው፦ በ1963 አዋጅ ቁጥር 37 አንቀጽ 17 መሠረት የታሰረ ሰው አለ ወይ? ካለ፣ ሀ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ከየትኛው ዘር? ለ ስንቱ ተከሰሰ፣ በምን ወንጀል? ሐ ስንቱ ምስክር ሆኖ ቀረበ? መ ስንቱ ያለ ክስ ተለቀቀ? ከሌለ ደግሞ ለምን? የአንቀጹ ቁጥር ከተጠቀሰ ሚኒስትሩ "የትኛውን እስር ማለትዎ ነው" ብሎ ማምለጥ አይችልም። ጥያቄው በፊደል ከተከፋፈለ አንዱን መልሶ ሌላውን ሲዘል ባዶው ቦታ በቃለ ጉባኤው ላይ ይታያል።

ሦስተኛው ነገር መደጋገም ነው። ያንኑ ጥያቄ በያንዳንዱ የፓርላማ ዘመን ሲያነሡት የዓመታት ተከታታይ አኃዝ ይወጣል። ጥቁሮች የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ይዘው እንዲሄዱ በሚያስገድደው የይለፍ ሕግ የተከሰሱት፣ በግርፋት የተቀጡት፣ በስቅላት የሞቱት፣ ከሰፈራቸው የተነቀሉት፣ ለነጭ ተማሪና ለጥቁር ተማሪ በነፍስ ወከፍ የወጣው ገንዘብ በዚህ መንገድ በመንግሥት አፍ ተነገረ። የዘር ግንኙነት ተቋሙ ዓመታዊ ጥናቱን ሲያዘጋጅ እነዚህን መልሶች ይጠቀም ነበር። ብላክ ሳሽ የተባለው የሴቶች ማኅበር ደግሞ የይለፍ ችግር ያለባቸውን ሰዎች በሚረዳባቸው የምክር ቢሮዎቹ የሚያገኛቸውን ጉዳዮች ያቀብላቸው ነበር። ጉዳዩ ከቢሮ ወደ ጥያቄ፣ ከጥያቄ ወደ ሀንሳርድ፣ ከሀንሳርድ ወደ ጋዜጣ ይሄዳል።

የጋዜጣው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ1959ኙ የእስር ቤቶች ሕግ ስለ እስር ቤት የሚጽፍ ሰው ሳታጣራ ሐሰት ጻፍክ ተብሎ ይከሰስ ነበር። ራንድ ዴይሊ ሜይል በ1965 ባወጣቸው የእስር ቤት ዘገባዎች ምክንያት ዋና አዘጋጁ ሎረንስ ጋንዳርና ጋዜጠኛው ቤንጃሚን ፖግረንድ በ1969 ጥፋተኛ ተብለዋል። ፓርላማ ውስጥ የተነገረን ነገር መዘገብ ግን ከለላ ነበረው። ስለዚህ አንዲት አባል ጠይቃ ሚኒስትር የመለሰላት ነገር ሌላ መንገድ በሌለበት ጊዜ የመረጃ በር ነበረ።

ዘዴው የሚከሽፈውም በሦስት መንገድ ነው። "አኃዙ በዚህ መልክ አይያዝም" ከተባለ፣ መሥሪያ ቤቱ በሚይዝበት መልክ ለውጦ መጠየቅ ነው። "መረጃው በቀላሉ አይገኝም" ከተባለ፣ ጊዜውን ወይም ቦታውን ማጥበብ ነው፤ አገር አቀፉ ካልተገኘ የአንድ ከተማ። "ለሕዝብ ጥቅም ሲባል አይነገርም" ከተባለ ግን መውጫ የለም። ከ1967ቱ የሽብርተኝነት ሕግ በኋላ የደረሰው ይህ ነው። አንቀጽ 6 ሰው ያለ ጊዜ ገደብ እንዲታሰር ፈቀደ፤ ስለ እስረኞቹ ይፋዊ መረጃ የማግኘት መብትም ለማንም አልሰጠም። በ90 ቀኑ ሕግ ጊዜ ሲነገር የነበረው ቁጥር በዚህኛው ተዘጋ።

አንድ ሚኒስትር እነዚህን ጥያቄዎች የምታቀርቢው ደቡብ አፍሪካን በውጭ አገር ለማሳፈር ነው ሲሏቸው፣ የሚያሳፍረው የኔ ጥያቄ ሳይሆን የእናንተ መልስ ነው ያሉት በዚህ ሥራ መካከል ነው።

ጀማሪ አንባቢ፦ ውጤት ነበራቸው ወይ?

መላሽ፦ የምን ውጤት? ሕግ ማስቀየር ከሆነ አልቻሉም፤ በ1966 ምርጫ ገዥው ናሽናል ፓርቲ 126 ወንበር ሲይዝ ፕሮግረሲቭ አንድ ነበረው። ስለ አንድ ሕግ ወይም ስለ አንድ እስረኛ ብትጠይቀኝ መልስ አለኝ።

የሕግ ተማሪ፦ እሺ፣ የ90 ቀኑን ሕግ ያስረዱን። ዩናይትድ ፓርቲ ለምን ደገፈው?

መላሽ፦ አንቀጽ 17 የፖሊስ መኮንን ያለ ማዘዣ ሰው ይዞ፣ ጥያቄዎቹን በሚያረካው መንገድ እስኪመልስ በአንድ ጊዜ እስከ 90 ቀን እንዲያቆየው ፈቀደ። ፍርድ ቤት ልቀቁት ብሎ ማዘዝ አይችልም። ቀኑ ሲያልቅ በር ላይ መልሶ መያዝም ይቻላል። የዚያው አዋጅ አንቀጽ 4 ደግሞ የሶቡክዌ አንቀጽ ይባላል፦ የፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ መሪ ሮበርት ሶቡክዌ በ1960 የተፈረደባቸውን ሦስት ዓመት ጨርሰው ሊወጡ ሲሉ፣ ፍርዱን የጨረሰ ሰው እንደ ታሰረ እንዲቆይ አደረገ። አንቀጹ በየዓመቱ መታደስ ነበረበት፤ በታደሰ ቁጥር ሱዝማን ይቃወሙ ነበር። ሶቡክዌ የፖለቲካ እስረኞች ይታሰሩበት በነበረው በሮበን ደሴት እስከ 1969 ቆዩ፤ ከዚያም ኪምበርሊ ውስጥ ተገድበው በ1978 አረፉ።

ዩናይትድ ፓርቲ መራጩን ፈራ። በ1960 ፖሊስ ሻርፕቪል ላይ ሰልፈኞችን ከገደለ በኋላ ነጩ ሕዝብ ደኅንነት ደኅንነት ይል ነበር። ፓርቲው በዝርዝሩ ላይ ማሻሻያ እየጠየቀ መርሑን ተቀበለ። በሦስት ንባብ በሚያልፍ ረቂቅ ላይ የመርሕ ድምፅ የሚሰጠው በሁለተኛው ንባብ ነው። እዚያ ላይ "አዎ" ብሎ በአንቀጽ በአንቀጹ ውይይት ላይ ቢያንገራግር ዋጋ የለውም። በ1963ም በ1967ም የተቃውሞው ድምፅ የሱዝማን ብቻ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የ90 ቀኑ ድንጋጌ በጥር 1965 ሲታገድ ደስ ያላቸው ነበሩ፤ በዚያው ዓመት የ180 ቀን እስር መጣ።

ሞጋች፦ መምህር፣ አንድ ነገር ልሞግት። እዚያ ፓርላማ መቀመጥ በራሱ ለአፓርታይድ ሽፋን መስጠት አይደለም? ዓለም "ተቃዋሚም አላቸው" እንዲል ነው ያደረጉት።

ከጆሃንስበርግ፦ ይህን የሚሉ እዚህም አሉ። ወንድሜ፣ ሮበን ደሴት የነበሩት ሰዎች ግን እንዲህ አላሉም።

ሞጋች፦ የእስረኛ ምስጋናና የፖለቲካ ፍርድ ይለያያሉ። ፓርቲያቸው ለጥቁሮች ሙሉ ድምፅ አልፈቀደም፤ በትምህርትና በንብረት መለኪያ ነበር የሚለው። ማዕቀብንም ተቃውመዋል።

መላሽ፦ ሞጋች ያነሣው እውነት ነው፤ አልሸፋፍነውም። ፕሮግረሲቭ ፓርቲ የተመሠረተው በመለኪያ በሚሰጥ የመምረጥ መብት ላይ ነው። ሁሉም ይምረጥ የሚለውን አቋም ተተኪው ፕሮግረሲቭ ፌዴራል ፓርቲ የያዘው በ1978 ነው። ዘግይቷል። በ1968 የተለያየ ዘር ያላቸው ሰዎች በአንድ ፓርቲ አባል እንዳይሆኑ በሕግ ሲከለከል፣ ሊበራል ፓርቲ ራሱን በትኖ ክብሩን ጠበቀ፤ ፕሮግረሲቭ ግን የነጮች ፓርቲ ሆኖ ቀጠለ። በማዕቀቡም ላይ ሱዝማን የሚጎዳው ጥቁሩ ሠራተኛ ነው ብለው እስከ መጨረሻው ተከራከሩ፤ የነፃነት ንቅናቄው በዚህ አጥብቆ ነቅፏቸዋል።

እኔ ግን ሽፋን ሰጡ በሚለው አልስማማም። ሽፋን የሚሰጥ ተቃዋሚ በሁለተኛው ንባብ አዎ የሚለው ነው። መንግሥት ስንት ሰው እንዳሰረና እንደ ሰቀለ በራሱ ቃል እንዲናገር የሚያስገድድ ሰው መንግሥቱን ከዓለም አይሸፍነውም። መድረኩን ለቅቀው ቢወጡ ኖሮ የሃውተንን ወንበር ዩናይትድ ፓርቲ ይወስደው ነበር፤ በ1967 ደግሞ አንድም የተቃውሞ ድምፅ አይመዘገብም ነበር።

ሞጋች፦ በ1968ቱ ጉዳይስ? እዚያ መበተን አልነበረባቸውም?

መላሽ፦ እዚያ ላይ የሊበራሎቹን ውሳኔ የበለጠ አከብራለሁ። የሱዝማንን ግን እረዳለሁ። ከዚህ በላይ አልሄድም።

አበሻዋ ከለንደን፦ ማንዴላ እኛ አገር ሰልጥነው አልነበር? ከሱዝማን ጋር የተገናኙት መቼ ነው?

መላሽ፦ ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ሲመለሱ ነሐሴ 5 ቀን 1962 ሃዊክ አጠገብ ተያዙ። የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ፍርዳቸው ከሥራ ማቆም አድማ ቅስቀሳ በተጨማሪ ያለ ሕጋዊ ሰነድ ከአገር መውጣትን ያካትታል፤ ያ ጉዞ ማለት ነው። የዕድሜ ልኩ ፍርድ በ1964 መጣ።

ሱዝማን ሮበን ደሴት ሄደው ያገኟቸው በ1967 ነው። እስረኞቹ አስቀድመው ተመካክረዋል፤ በኮሪደሩ መጀመሪያ ያሉት ስማቸውን ተናግረው ጊዜዎን እኛ ላይ አያባክኑ፣ መጨረሻ ላይ ያሉትን ማንዴላን ያነጋግሩ አሏቸው። ማንዴላ ምግቡን፣ ልብሱን፣ የትምህርት ዕድሉንና የድንጋይ ማውጫውን ሥራ በዝርዝር አቀረቡ፤ ክንዱ ላይ ስዋስቲካ የተነቀሰ ጠባቂ እንዳለም ነገሯቸው። ሱዝማን ጉዳዩን ለባለሥልጣናቱ አቀረቡ፤ ጠባቂው በሳምንታት ውስጥ ከደሴቱ ተዛወረ። ቅድም ውጤት ነበራቸው ወይ ላልከው ወንድሜ፣ አንዱ ይኸውልህ፤ ማን፣ የት፣ ምን ተብሎ የሚቀርብ አቤቱታ መልስ ያገኛል።

ሰናይት ነኝ፦ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ውስጥ ሲገደሉ እዚያው ነበሩ ይባላል።

መላሽ፦ አዎ። ፈርቩርድ መስከረም 6 ቀን 1966 በአንድ የፓርላማ መልእክተኛ በጩቤ ተወግተው ሞቱ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒ. ደብሊው. ቦታ ጣታቸውን እየቀሰሩ ጥፋቱ የእናንተ የሊበራሎች ነው ብለው ሱዝማን ላይ ጮኹ። ሱዝማን ለአፈ ጉባኤው አቤት ብለው ሚኒስትሩ ይቅርታ እንዲጠይቁ ተደረገ።

ታዛቢ፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣ ነበር?

መላሽ፦ የማዕድን ባለሀብቱ ሃሪ ኦፐንሃይመር የፓርቲው ዋና ደጋፊ ነበሩ። ይህ የታወቀ ነው።

ወጣት ከአዳማ፦ ይቅርታ፣ ከላይ ካለ አላየሁትም፤ 36 ዓመቱን በሙሉ ብቻቸውን ነበሩ?

መላሽ፦ አልነበሩም። ሦስተኛ ጊዜ ነው። ለሁላችሁም በአንድ ላይ፦ ከ1953 እስከ 1959 ከዩናይትድ ፓርቲ ብዙ አባላት አንዷ። ከ1959 እስከ 1961 ከአሥር በላይ ከሆኑት ፕሮግረሲቮች ጋር። ከ1961 እስከ 1974 ብቻቸውን። በሚያዝያ 1974 ምርጫ ኮሊን ኤግሊንና ቫን ዚል ስላበርትን ጨምሮ ስድስት ሆኑ፤ ብዙም ሳይቆይ በማሟያ ምርጫ ሰባተኛ ተጨመረ። በ1977 ፓርቲው 17 ወንበር ይዞ ዋናው ተቃዋሚ ሆነ። በ1987 ያንን ቦታ በቀኝ በኩል ላለው ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ለቀቀ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ አንብቡ።

የሕግ ተማሪ፦ ለጥናቴ የሱዝማንን ጥያቄዎች ራሴ ልፈልግ ብዬ ነው። ሀንሳርዱን ከየት ልጀምር?

መላሽ፦ ከሕጉ ጀምሪ እንጂ ከስማቸው አትጀምሪ። ስማቸውን ተከትለሽ ከሄድሽ በንግግር ትሰጥሚያለሽ። መጀመሪያ አንድ አንቀጽ ምረጪ፤ ለምሳሌ አንቀጽ 17። ከዚያ የ1964ን ቅጽ ያዢና ከየዕለቱ ስብሰባ የጥያቄና መልሱን ክፍል ብቻ እያወጣሽ አንብቢ፤ የጽሑፍ መልሶቹ ከቃል መልሶቹ ተለይተው ስለሚታተሙ ሁለቱንም እዪ። ስትጠቅሺ በገጽ ሳይሆን በዓምድ ቁጥር ነው፤ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓምድ አለ፣ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ሚኒስትሮቹ ብዙ ጊዜ በአፍሪካንስ ስለሚመልሱ የምታነቢው ትርጉም መሆኑን በማስታወሻሽ አስፍሪ። በመጨረሻ ያንኑ ጥያቄ በ1965 ቅጽ ፈልጊ፤ ቁጥሩን ከቁጥሩ ጋር አስተያዪ። መልሱ ተለውጦ ወይም ጠፍቶ ካገኘሽው፣ ምን አዲስ ሕግ እንደ ወጣ ተመልከቺ።